ስለ ሰውና ስለ ልብሱ
በሁለት ድምፅ አልባ የሳቅ ፊልሞች ታሪክ ላይ በደብረ ማርቆስ ከተማ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



በ1917 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ በአዲስ አበባ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ቻርሊ ቻፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ተወላጅ «የወርቅ ሽሚያ» ብለን ልንጠራው የሚገባውን ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሳየ፤ ሁለት ዓመትም ሳይሞላ፣ በ1919 ዓ.ም.፣ በስተር ኪተን የሚባለው አሜሪካዊ «ጄኔራል» የተሰኘውን ፊልሙን አወጣ። ሁለቱም ድምፅ የሌላቸው ናቸው፤ ተዋናዮቹ ሲነጋገሩ አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃላቸው አይሰማም፣ ለነገሩ መረዳት ግድ የሆነው ጥቂት ቃል ብቻ ተጽፎ በመካከል ይታያል። ሁለቱም ለሳቅ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ደግሞ ሰው የሚመዘነው በለበሰው ነው ወይስ በሠራው፣ ወይስ ከሁለቱ በሚቀድመው በሰውነቱ፣ ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚሰጡት መልስ ግን የተለያየ ነው። ዛሬ ልናገርበት የወደድሁት ይህን ልዩነት ነው።

ጥያቄው ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ባለሟል በጌታው ፊት ሸማውን አደግድጎ በቆመበት፣ ጀግናም ለሠራው ሥራ ለምድ ወይም ካባ ለብሶ በታየበት አገር፣ ልብስ ሰውነትን ከብርድ ከመሸፈን አልፎ የማዕርግ ምስክር ሆኖ እንደኖረ ሁላችን እናውቃለን። ምስክሩ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ሐሰተኛ እንደሚሆን እንዲሁ እናውቃለን።

ወደ ፊልሞቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ዘመኑ ጥቂት ልበል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ደርሷል፤ ኋላም ለሕዝብ የተከፈተውን ማሳያ ቤት ሰዉ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወቃል፤ በጨለማ ቤት ውስጥ በግድግዳ ላይ ሰውና ፈረስ ሲሮጥ ያየ ሕዝብ እንዲህ ማለቱ አያስደንቅም። ከዚያው ዘመን አካባቢ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አራዊትን በሰው አንደበት የሚያናግረውን «ፋቡላ»ን ደርሰው የአማርኛን ቴያትር በኮመዲያ ጀመሩት፤ የዚሁ የጎጃም፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ ዮፍታሔ ንጉሤም ከቅኔ ቤት ወጥቶ በአዲስ አበባ ቴያትር የሚደርስና የሚያሠራ ሰው ሆነ። የእኛ ቴያትር እንግዲህ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በቃል ላይ የቆመ ነው፣ በቃል ላይ መቆሙም ከአባቶቹ ከቅኔ መምህራን የወረሰው ሀብቱ ነው። ቻፕሊንና ኪተን ግን ቃል ተነሥቷቸው የሚሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በታሪኩ አካሄድ ላይ፣ ማለት ምን ቀደመ፣ ምን ተከተለ፣ ማን ምን ሳያውቅ ምን አደረገ በሚለው ላይ ወደቀ። ሁለቱን ፊልሞች በታሪካቸው አካሄድ ብቻ ማመዛዘን የሚቻለውም ስለዚህ ነው።

የሁለቱም ሳቅ የበቀለው ከእውነተኛ መከራ ነው። በሚያዝያ 1854 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ አሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ተብላ እርስ በርሷ ስትዋጋ፣ ጄምስ አንድሩስ የሚባል ሰው የሰሜን ወታደሮችን የሰላማዊ ሰው ልብስ አስለብሶ ወደ ደቡቦች አገር ወደ ጆርጂያ ገባ፤ ቢግ ሻንቲ በተባለው ጣቢያ ተሳፋሪው ቁርስ ለመብላት ሲወርድ «ጄኔራል» የሚባለውን የባቡር ሞተር ይዘው ሐዲድና የቴሌግራፍ ሽቦ እየቈረጡ ወደ ሰሜን ሸሹ። የባቡሩ ሹም መጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎም ባገኘው ሁሉ እያሳደደ ደረሰባቸው። አንድሩስና ሰባት ጓደኞቹ፣ ስምንት ነፍስ፣ በእንጨት ላይ ተሰቀሉ፤ የተፈረደባቸውም እንደ ወታደር ሳይሆን እንደ ሰላይ ነው፣ የወታደር ልብስ አልለበሱምና። ይህን አስቀድማችሁ ብታውቁ የኪተንን ፊልም ስታዩ ስለ አንድ ኮትና ስለ አንድ ባርኔጣ የሚደረገው ነገር ሁሉ ከሳቁ በታች ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይታወቃችኋል።

ሁለተኛው ታሪክ የዐድዋ ድል በሆነበት በ1888 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በነሐሴ፣ የሆነ ነው። በሰሜን ካናዳ ክሎንዳይክ በሚባል ወንዝ አጠገብ ወርቅ ተገኘ ቢባል መቶ ሺህ የሚያህል ሰው ቤቱንና ሥራውን ጥሎ ተነሣ፤ ከግማሹ የሚበዛው ሳይደርስ በመንገድ ቀረ፣ ከደረሰውም ወርቅ ያገኘው ጥቂት ነው። ቻፕሊን እነዚያ ሰዎች በበረዶ በተሸፈነው በቺልኩት ተራራ ላይ ተሰልፈው ሲወጡ የተነሡትን ፎቶግራፍ ተመለከተ፤ ደግሞም በ1839 ዓ.ም. በብርድ ወራት በካሊፎርኒያ ተራሮች በረዶ ይዟቸው ከራብ የተነሣ ቈዳ እስከ መብላት፣ በመጨረሻም የሞቱትን ወገኖቻቸውን ሥጋ እስከ መብላት የደረሱትን መንገደኞች ታሪክ አነበበ። ከእነዚህ ከሁለቱ አዋሕዶ ዓለምን ያሳቀ ፊልም ሠራ። ሰው በዚህ ነገር እንዴት ይሥቃል የሚል ቢኖር፣ እኔ የምመልሰው ሳቁ በራብተኛው ላይ አለመሆኑን ነው፤ ቻርሊ ጫማውን ቀቅሎ ሲያቀርብ የሚበላው በጌታ ማዕድ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው በክብር ነው፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት እየመጠጠ፣ ማሰሪያውንም በሹካ እየጠቀለለ። ተመልካቹ የሚሥቀው በራቡ ሳይሆን ራቡ ሊነጥቀው ባልቻለው ክብር ነው።

አሁን የ«ጄኔራል»ን ታሪክ ልተርክ። ጆኒ ግሬይ የጆርጂያ ሰው፣ የባቡር ነጂ ነው፤ የሚወድዳቸውም ሁለት ናቸው፤ አንደኛይቱ «ጄኔራል» የተባለችው የባቡር ሞተሩ፣ ሁለተኛይቱ አናቤል ሊ የምትባል ወጣት። ጦርነቱ ሲጀመር የልጅቱ አባትና ወንድም ሊዘምቱ ሄዱ፤ ጆኒም በአቋራጭ ሮጦ ከሰው ሁሉ ቀድሞ በመመዝገቢያው በር ላይ ተሰለፈ። ጸሓፊዎቹ ግን ነጂነቱ ለደቡብ ጦር ከወታደርነቱ ይልቅ ይጠቅማል ብለው አሰናበቱት፣ ምክንያቱን ግን አልነገሩትም። ወንድሟም ሊሰለፍ እንኳ አልፈለገም ብሎ ለእኅቱ ነገራት። እሷም የወታደር ልብስ ሳትለብስ ዳግመኛ እንዳታናግረኝ አለችው። ጆኒ አዝኖ በባቡሩ መንኰራኵር ዘንግ ላይ ይቀመጣል፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ዘንጉ እሱን ይዞ ሲያወጣውና ሲያወርደው እሱ በኀዘኑ ተውጦ አያውቅም። በድምፅ አልባ ፊልም ሁሉ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የኀዘን ሥዕል አላየሁም።

አንድ ዓመት አለፈ። አናቤል የቈሰለ አባቷን ልትጠይቅ በባቡሩ ስትሄድ የሰሜን ሰላዮች «ጄኔራል»ን ሲነጥቁ እሷ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበረችና አብራ ተወሰደች። ጆኒ በእግሩ፣ በእጅ በሚገፋ የሐዲድ ጋሪ፣ በብስክሌት፣ በመጨረሻም «ቴክሳስ» በሚባል ሌላ ባቡር ያሳድዳል፤ ሊረዱት የተሳፈሩት ወታደሮች ፉርጎአቸው ከባቡሩ ሳይቀጠል ስለ ቀረ ብቻውን ሆኗል፣ ብቻውን መሆኑንም የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የጠላት ምድር ገብቶ፣ በጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የጦር ምክራቸውን ሰምቶ፣ ልጅቱን በሌሊት በዝናብ አስመልጦ፣ በማግሥቱም ባቡሩን መልሶ ነጥቆ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ አሁን ደግሞ ጠላቶቹ በ«ቴክሳስ» ያሳድዱታል።

ባቡር በአገራችን በምሥራቅ እንጂ በጎጃም ስላልገባ አንድ ነገር ልግለጥ። ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ አይዞርም፤ ሐዲዱ አንድ ሲሆን አሳዳጁ ተሳዳጁን አልፎ ሊቀድመው ወይም በአቋራጭ ሊቆርጠው አይችልም። ሁለቱም ውኃና እንጨት ያልቅባቸዋል፤ ለመቅዳትና ለመጫን ሲቆሙ ርቀቱ ይጠብባል። ስለዚህ ተሳዳጁ የሚያደርገው አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላው በመንገዱ ላይ ዕንቅፋት መጣል። ኪተን መላ ታሪኩን የሠራው በዚህ በአንዱ ሕግ ላይ ነው። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሰላዮቹ ግንድ ይጥላሉ፣ ጆኒም ያነሣል፤ ወደ ደቡብ ሲመለሱ ጆኒ ይጥላል፣ እነሱ ያነሣሉ። ሲሄዱ ሰላዮቹ የሚነድ ፉርጎ በድልድይ ውስጥ ይተዋሉ፤ ሲመለሱ ጆኒ ድልድዩን ራሱን ያቃጥላል። የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲሰማ እያንዳንዱ ቤት በሚገባው ቦታ መግጠሙንና መምታቱን በጆሮው እንደሚጠብቅ፣ የዚህን ፊልም ሁለተኛ አጋማሽ የሚያይ ሰውም የመጀመሪያው አጋማሽ ነገር ሁሉ በቦታው ሲመለስለት ያያል። የሰሜኑ አዛዥ ድልድዩ ገና ብዙ አልተቃጠለም ብሎ ባቡሩን እንዲሻገር ሲያዝዝ፣ ድልድዩ ከነባቡሩ ወንዝ ይገባል፤ ይህም በ1918 ዓ.ም. በሐምሌ በኦሬገን አገር በእውነተኛ ባቡርና በእውነተኛ ድልድይ የተደረገ ነው፣ የባቡሩም ስብርባሪ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወንዙ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በአወቃቀር በኩል ከዚህ የበለጠ የሳቅ ታሪክ አለ ብዬ አላምንም።

ነገር ግን ልብሱን ተከታተሉ። ጆኒ ከጠላት ሰፈር ለማምለጥ የሰሜንን ልብስ ለበሰ፤ ከወገኖቹ ዘንድ ሲደርስም በዚያ ልብስ ምክንያት ሊገደል ጥቂት ቀረው። ኋላም የወገኖቹን የጦር ልብስ ለበሰ፤ ከሰሜን ጦር ጋር የተደረገው ውጊያ ሲያበቃ የደቡቡ ጄኔራል ይህ ልብስ የአንተ ነውን ብሎ አስወለቀው። ጆኒ ተቀጣሁ ብሎ ሲያዝን፣ የሌተናንት ልብስ አመጡለት። አናቤል እንዳለችው ልብሱን ለብሶ አናገራት፤ ሊስማትም ሲል ወታደሮች ሰላምታ እየሰጡ ስለሚያልፉ፣ መሳሙን ሳያቋርጥ አንድ እጁን እያነሣ መመለስ ሆነበት። ልብስ በዚህ ፊልም ሥራን ተከትሎ የሚመጣ ሽልማት ነው፤ ግን እስኪመጣ ድረስ ሰውየውን የሚያውቀው የለም።

የ«የወርቅ ሽሚያ» ታሪክ እንደዚህ በቀጥታ አይሄድም፤ ይዞራል፣ ወደ አንድ የእንጨት ቤት እየተመለሰ ይዞራል። ምስኪኑ ቻርሊ፣ ኮቱ የጠበበ፣ ሱሪው የሰፋ፣ ወርቅ ፍለጋ መጥቶ ዐውሎ ነፋስ አንድ ቤት ውስጥ ጣለው፤ በዚያ ብላክ ላርሰን የሚባል ወንበዴና ቢግ ጂም የተባለ ትልቅ ወርቅ ያገኘ ሰው ነበሩ። ቢግ ጂም ከራብ የተነሣ ቻርሊን ዶሮ መስሎት ሊያርደው ያሳድደዋል። ኋላ ላርሰን ጂምን በአካፋ መትቶ ወርቁን ሊነጥቅ ሞከረ፤ ራሱ በበረዶ ናዳ ሞተ፣ ጂምም ከምቱ የተነሣ ወርቁ የት እንደ ሆነ ረሳ፤ የሚያስታውሰው በዚያ ቤት አጠገብ መሆኑን ብቻ ነው። ቻርሊ ወደ ከተማ ወርዶ በዳንስ ቤት ጆርጂያ የምትባለውን ልጅ ወደደ። እሷና ጓደኞቿ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ እራት እንመጣለን አሉት። በረዶ እየጠረገ ባገኘው ገንዘብ ማዕድ አዘጋጀ፣ ጠበቀ፣ አንቀላፋ፤ በሕልሙም መጥተው ሁለት ዳቦ በሹካ ወግቶ ሲያስጨፍርላቸው አየ። ሲነቃ ማንም የለም፤ ከሩቅ የዳንስ ቤቱ ዘፈን ብቻ አለ። ጆርጂያ ሌሊት ከጓደኞቿ ጋር ለሳቅ ብላ መጥታ ያን የተሰናዳ ማዕድ ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ቻርሊ ግን በዚያ አልነበረም።

ቀጥሎ ጂም ቻርሊን አገኘና ወደዚያ ቤት ውሰደኝ፣ ባለ ሚሊዮን አደርግሃለሁ አለው። ቤቱም በሌሊት ነፋስ ተገፍቶ በገደል አፋፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ እነሱ ወዲያና ወዲህ ሲራመዱ ቤቱ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። በመጨረሻ ወጡ፣ ወርቁም እዚያው ነበረ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ደርሰናል። ቻርሊ ባለጸጋ ሆኖ፣ ባለ ጠጕር ካፖርት ለብሶ በመርከብ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጋዜጠኞች ግን የድሮ ልብስህን ለብሰህ ፎቶግራፍ እናንሣህ አሉት። ለበሰ፤ ለመነሣት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ወደ ድኾች ተሳፋሪዎች ክፍል ወደቀ፤ ጆርጂያም በዚያ ነበረች። ሳይከፍል የተሳፈረ ሰው በመርከቡ አለ ሲባል ሰምታ ስለ ነበር፣ እሱ መሰላት። ልትሸሽገው ሞከረች፤ መኰንኑ ሲይዘው ደግሞ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ አለች። ባለ ወርቅ መሆኑን ያወቀችው ከዚህ በኋላ ነው።

ልዩነቱን እዩት። ሁለቱ ሴቶች ሁለቱም ስለሚወድዳቸው ሰው ተሳስተዋል። አናቤል የተሳሳተችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛ ፈሪ ነው ስትል፣ ሁለተኛ በጠላት ሰፈር ሲያስመልጣት ስለ እኔ ብሎ መጣ ስትል። እሱ የመጣው ስለ ባቡሩ ነበር፤ እሷ በዚያ መኖሯን ያወቀው በአጋጣሚ፣ በጠረጴዛ ልብስ ላይ በሲጋር በተቃጠለ ቀዳዳ ስላያት ነው። ስሕተቷን አላረመም፣ ታሪኩም አያርምለትም። ስለዚህ ያ ሰው በእውነት ጀግና ሆኖ ሳለ፣ እሷ የምታከብረው ባላደረገው ምክንያት ነው፤ አስቀድሞም የናቀችው ባልሠራው ጥፋት ነው። የጆርጂያ ስሕተት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ድኻ መሰላት። ከዚህች ስሕተትም ንጹሕ ሥራ ወጣ። ባለጸግነቱን ብታውቅ ኖሮ ቸርነቷ ይጠረጠር ነበር፤ ባለማወቋ ግን ልቧ ተገለጠ። መተርጕማን እንደሚያደርጉት፣ ይህ ሥራዋ ርኅራኄ ነው፣ አንድም ፍቅር ነው፣ አንድም ያን የአዲስ ዓመት ሌሊት ያልበላችውን እራት መክፈሏ ነው ብንል፣ ሦስቱም ትርጕም ይቆማል። በኪተን ፊልም ሰውየው እንዲታወቅ ልብስ ይለብሳል፤ በቻፕሊን ፊልም ሴቲቱ እንድትታወቅ ሰውየው ልብስ ያወልቃል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው አወቃቀር የበለጠ ፍጹም ነው፣ ይህን አልክድም፤ ሁለተኛው ግን ስለ ሰው የበለጠ ያውቃል።

ስለ «ጄኔራል» ሳልናገር ላልፈው የማይገባኝ ሌላ ነገር አለ። ታሪኩ የተጻፈበትን መጽሐፍ የደረሰው ዊሊያም ፒተንጀር ከሰሜን ወገን ከዘመቱት አንዱ ነበር፤ ኪተን ግን ጀግናውን ወደ ደቡብ ወገን አዞረው፣ በጦርነቱ የተሸነፉትን ክፉ አድርጎ ማሳየት ሕዝቡ አይቀበለውም ብሎ። ያ ደቡብ የተዋጋው ግን ሰውን ባሪያ አድርጎ ለመግዛት ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ይህ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ላይ ዝም ልንል አንችልም፤ ፊልሙ ከመሠራቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1916 ዓ.ም. በአገራችን ስለ ባሮች ነጻነት ዐዋጅ የወጣው ለእኛም ጥያቄው የራሳችን ጥያቄ ስለ ነበረ ነው። የጆኒን ልብስ በደስታ ስናይለት የልብሱ ቀለም የማን እንደ ነበረ ለልጆቻችን መንገር ይገባናል።

በመጨረሻ፣ የቻፕሊንን ፊልም አግኝተው ለማየት ለሚፈልጉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቻፕሊን በ1934 ዓ.ም. «የወርቅ ሽሚያ»ን በድጋሚ ሲያወጣ ጽሑፎቹን አስወግዶ ታሪኩን በራሱ ድምፅ ተረከው፣ ሙዚቃም ጨመረበት፤ በመጨረሻ ያለውን መሳምም ቈረጠ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን አንዲት ወረቀት ናት። በ1917ቱ ፊልም ጆርጂያ የይቅርታና የፍቅር ደብዳቤ የጻፈችው ጃክ ለሚባለው መልከ መልካም ወዳጇ ነው፤ ጃክ በማፌዝ ለቻርሊ አስተላለፈለት፣ ቻርሊም ለእኔ ነው ብሎ በደስታ ፈነደቀ። ስለዚህ በመርከቡ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ጆርጂያ ለቻርሊ ምንም አልሰጠችውም፤ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ ስትል የመጀመሪያ ስጦታዋ ነው። በኋለኛው ፊልም ግን ደብዳቤው በቀጥታ ለቻርሊ የተጻፈ ሆኗል፤ ይቅርታውን አስቀድማ ጠይቃለችና በመርከቡ ላይ የምታደርገው አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቶ የተጀመረ ነገር ፍጻሜ ሆነ። ቻፕሊን ይህን ያደረገው ጆርጂያን ለማለስለስ ይመስለኛል፤ ሲያለሰልሳት ግን ከእጇ ትልቁን ሥራዋን ወሰደባት። ስለዚህ ፊልሙ ሲጀምር ተራኪ ድምፅ ከሰማችሁ የኋለኛው ነው፤ ታሪኩን በተጻፉ ካርዶች የሚያስረዳውን የ1917ቱን ፈልጋችሁ እዩ።